ለለቅሶው እድር አለ፣ ለማስታመሙስ?

ቲክቶክ ከፍታችሁ ትንሽ ከቆያችሁ አንድ የእርዳታ ጥሪ ማየታችሁ አይቀርም፣ ኩላሊት የሚተከልለት ወጣት፣ ልቧ ኦፕራሲዮን የሚፈልግ ሕፃን፣ ህንድ ወይ ታይላንድ ሄዶ መታከም ያለበት አባት። ሰዉም ይሰጣል፣ እውነቱን ለመናገር ከሌለውም ላይ ቆንጥሮ ይሰጣል። ግን አስተውላችሁ ከሆነ ሁሉም ጥሪ ውስጥ "ይድናል" የሚል ተስፋ አለ። የማይድን ሰው ቪዲዮ የለም። "ከዚህ በኋላ እኛ የምናደርገው ነገር የለም፣ ቤት ወስዳችሁ አስታምሙት" ተብሎ የተሸኘ ሰው ስክሪን ላይ አይወጣም፣ ቤተሰቡም ቢሆን "ለማይድን ሰው ማን ብር ይሰጣል" ብሎ አይለምንም። ሰውየው ግን ያን ቀን አልሞተም፣ ገና ሦስት ወር፣ ስድስት ወር፣ አንዳንዴም ዓመት ከዛ በላይ ይኖራል። ይሄ ጽሑፍ ስለነዛ ወራት ነው።

መጀመሪያ የችግሩን ስፋት እንይ። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግምት እንደሚለው ኢትዮጵያ ውስጥ በዓመት ወደ 80 ሺህ በሚጠጋ ሰው ላይ አዲስ ካንሰር ይገኛል፣ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ደግሞ በካንሰር ይሞታል። ከሴቶች የጡትና የማህፀን በር ካንሰር ቀዳሚዎቹ ናቸው፣ አብዛኛዋ ታካሚ ሐኪም ፊት የምትቀርበው ደግሞ በሽታው ተሰራጭቶ ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ ከደረሰ በኋላ ነው። ለምን ዘገየች ብላችሁ አትፍረዱባት፣ መጀመሪያ ጸበል፣ ከዛ ጤና ጣቢያ፣ ከዛ ወረዳ ሆስፒታል፣ ከዛ ሪፈር፣ ከዛ አዲስ አበባ ዘመድ ፍለጋ፣ ከዛ ወረፋ። የጨረር ህክምና እኮ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው አገር ለረጅም ዓመታት ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር ያለው፣ እሱም በአንድ የኮባልት ማሽን፣ ወረፋው ወራት የሚፈጅ። አሁን ጥቁር አንበሳም አዲስ ማሽን ገባለት፣ ጅማም ሐረርም ተከፈተ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ዘግይታ የመጣችውን ሴት ማሽኑ ብዙ ጊዜ አያድናትም። ካንሰር ብቻም አይደለም፣ ዲያሊስስ መክፈል አቅቶት ያቆመ የኩላሊት ታማሚ አለ፣ ልቡ የደከመ አለ፣ ስትሮክ መቶት አልጋ ላይ የቀረ አለ።

እንዲህ ላለው ሰው የሚደረገው ነገር ፓሊየቲቭ ኬር ይባላል፣ በጤና ሚኒስቴር ወረቀት ላይ የማስታገሻ ህክምና የሚባለው። በሽታውን ባያድንም ስቃዩን ይቀንሳል፣ ህመሙን፣ ትንፋሽ ማጠሩን፣ ማቅለሽለሹን፣ የቁስሉን ሽታ፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ ጭንቀቱን፣ የቤተሰቡንም ጭንቀት። ሆስፒስ የሚባለው ደግሞ ይሄንኑ ሥራ ለመጨረሻዎቹ ወራት የሚያውለው አገልግሎት ነው። ብዙ ሰው ሆስፒስ ሲባል ሰው ሊሞት የሚገባበት ቤት ይመስለዋል፣ እኛ አገር ግን በአብዛኛው ቤት ለቤት የሚዞር ነርስ ማለት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ይሄን ሥራ በስሙ ይዞ የጀመረው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ነው፣ ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋዋሰን የሚባሉ ነርስ እ.ኤ.አ. በ2003 ያቋቋሙት በጎ አድራጎት ድርጅት። ከዛ በፊትም እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የማዘር ትሬዛ እህቶች ስድስት ኪሎ አካባቢ ወድቀው የተገኙ በሽተኞችን ያነሱ ነበር፣ እስካሁንም ያነሳሉ። ለካንሰር ታማሚዎች ደግሞ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አለ፣ በሉኪሚያ በሞተ ልጅ ስም የተቋቋመ፣ ለሕፃናት ካንሰር ተስፋ አዲስ የወላጆች ድርጅት አለ፣ ከክፍለ ሀገር የመጣ በሽተኛና አስታማሚ ማደሪያ ሲያጣ የሚያስጠጉት እነዚህ ናቸው። መቄዶንያንማ ሁሉም ያውቀዋል። ሁሉም ትልቅ ሥራ ይሠራሉ፣ ግን የሁሉንም አልጋና የሁሉንም ነርስ ብትደምሩት ካለው ችግር አጠገብ ምንም አይደለም። ይሄን የምለው ለመውቀስ አይደለም፣ ይሄ ሥራ በበጎ አድራጎት ብቻ ሊሸፈን አይችልም ለማለት ነው።

ነርሷ ቤት ስትመጣ ምን ታደርጋለች? ካላያችሁት ቀላል ይመስላል። "እናቴ ሌሊቱን እንዴት አደሩ?" ትላለች፣ ህመሙ ከዜሮ እስከ አስር ስንት እንደሆነ ትጠይቃለች፣ ማንበብ ለማይችል በጣት ወይም በፊት ስዕል። ጀርባ ገልብጣ ቁስል ጀምሮ እንደሆነ ታያለች፣ አልጋ ላይ የዋለ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ጀርባው እንደሚላጥ ለአስታማሚዋ ልጅ ታሳያታለች። የጡት ካንሰር ቁስል ሽታው ቤት ሲያውክና ጎረቤት መምጣት ሲያቆም ሜትሮኒዳዞል ኪኒን ፈጭቶ ቁስሉ ላይ መነስነስ ሽታውን እንደሚቀንሰው ትናገራለች፣ ዋጋው ምንም የማይባል ነገር ነው፣ ግን ሰው ስለማያውቅ ብቻ ስንቷ ሴት ከልጆቿ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ አፍራ ጓዳ ገብታ ሞተች። ጓንት ትሰጣለች፣ ካለ ዳይፐር ትሰጣለች፣ ከሌለ ከአሮጌ ነጠላ እንዴት እንደሚሠራ ታሳያለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ ጠርሙሷን ታወጣለች።

ጠርሙሷ ውስጥ ያለው የሚጠጣ ሞርፊን ነው። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የነገሩ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው። ከባድ የካንሰር ህመም በፓራሲታሞልና በዲክሎፌናክ አይቆምም፣ ትራማዶልም የሚሄደው እስከ ተወሰነ ድረስ ነው። ከዛ በላይ ያለው ሞርፊን ነው፣ ደግሞ ውድ መድኃኒት አይደለም፣ ዱቄቱን በውሃ በጥብጦ ማዘጋጀት የሚቻል፣ ፓተንት የሌለው፣ መርፌ የማያስፈልገው፣ በየአራት ሰዓቱ በአፍ የሚሰጥ። የሆድ ድርቀት ያመጣል፣ ስለዚህ የሚያስቀምጥ መድኃኒት አብሮ ይሰጣል፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሊያቅለሸልሽ ይችላል፣ ያልፋል። በትንሽ ተጀምሮ እያዩ ሲጨመር ሰውየው ሳያመው ይተኛል፣ ይበላል፣ ከልጆቹ ጋር ያወራል። ዩጋንዳ ይሄን ከሠላሳ ዓመት በፊት ገብቷታል፣ ዶክተር አን ሜሪማን እ.ኤ.አ. በ1993 ሆስፒስ አፍሪካ ዩጋንዳን ሲያቋቁሙ ከዱቄት የተበጠበጠ ሞርፊን ይዘው ነው የጀመሩት፣ በ2004 ደግሞ የዩጋንዳ መንግሥት ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ በሕግ ፈቀደ፣ መድኃኒቱንም ለበሽተኛው በነፃ አደረገው። ዩጋንዳ ከኛ ሀብታም ስለሆነች አይደለም።

በዓለም ደረጃ ነገሩ ያሳፍራል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው፣ ላንሴት የሚባለው የህክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን ሪፖርት እንዳስቀመጠው በዓለም በዓመት ከሚከፋፈለው ወደ 300 ቶን የሚጠጋ ሞርፊንና መሰል መድኃኒት ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ሁሉ ተደምረው የሚደርሳቸው 0.1 ቶን ነው፣ መቶ ኪሎ ማለት ነው፣ የአንድ ኩንታል ጤፍ ክብደት። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በዓመት ወደ 57 ሚሊዮን ሰው ፓሊየቲቭ ኬር ያስፈልገዋል፣ የሚያገኘው ግን 14 በመቶ ያህሉ ነው ይላል። አሜሪካ በኦፒዮይድ፣ ማለትም በሞርፊንና መሰሎቹ ሱስ ሰው ያልቅባታል፣ እኛ ጋ ደግሞ የአጥንት ካንሰር ያለበት ሰው በፓራሲታሞል ያድራል።

ኢትዮጵያ ወረቀት የላትም ማለት አይቻልም። የህመም ማስታገሻ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2007 ወጥቷል፣ የፓሊየቲቭ ኬር ብሔራዊ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 ወጥቷል፣ ሆስፒታሎችን ከህመም ነፃ የማድረግ ፕሮግራምም ተጀምሮ ነበር። ወረቀቱና ጠርሙሱ ግን አልተገናኙም። ሞርፊን ናርኮቲክ ስለሆነ የተለየ ማዘዣ ወረቀት አለው፣ ፋርማሲው ለብቻ ቆልፎ መዝገብ መያዝ አለበት፣ ስህተት ቢገኝ ጣጣ አለው፣ ስለዚህ ብዙ ፋርማሲ "ባይኖረኝ ይሻለኛል" ይላል። ሐኪሙም ተማሪ ሳለ ስለ ሞርፊን የተማረው አብዛኛው አደጋውን ነው፣ ስለዚህ አምስት ሚሊ ለመጻፍ እጁ ይንቀጠቀጣል። ክፍለ ሀገር ከወጣችሁማ ጭራሽ። የድሃ ሰው መንገድ እንዲህ ነው፣ አዲስ አበባ ላይ የታዘዘለትን ይዞ አገሩ ይገባል፣ ጠርሙሱ ሲያልቅ እዛ የሚጽፍለትም የሚሸጥለትም የለም፣ በህመም የሚጮህ ሰው አውቶቡስ ላይ ጭኖ መመለስ ደግሞ አይቻልም።

ፍርሃቱ ሐኪም ጋ ብቻ አይደለም፣ ቤተሰብ ጋም አለ። "ሞርፊን ጀመረ ማለት አለቀለት" ይባላል። አለቀለት የተባለው ሰው መድኃኒቱ የሚጀመርለት በመጨረሻው ሳምንት ስለሆነ እኮ ነው፣ ከስድስት ወር በፊት ቢጀመርለት ኖሮ ሰዉ ሌላ ነገር ያይ ነበር። "ሱስ ይይዘዋል" የሚሉም አሉ፣ ጥቂት ወር ለቀረው ሰው። ይሄ እንኳ ይገባኛል፣ ሰፈር ውስጥ በትራማዶል የጠፋ ልጅ ያየ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም፣ ግን የአልጋ በሽተኛው ጉዳይ ሌላ ነው፣ ህመሙ እስካለና መጠኑ በባለሙያ እስከተያዘ ድረስ።

ሌላው ከባድ ነገር እውነቱን መናገር ነው። እኛ ጋ ሐኪሙ ውጤቱን የሚናገረው ለበሽተኛው ሳይሆን ለወንድም ወይ ለትልቁ ልጅ ነው፣ ልጁም ኮሪደር ላይ "ዶክተር እባክህ ለሷ እንዳትነግራት፣ ትደነግጣለች" ይላል። እኔ ይሄን እንደ ኋላቀርነት አላየውም፣ መርዶን እንኳ በሌሊት በሽማግሌ በዘዴ የምንነግር ሕዝብ ነን፣ ክፉ ወሬን ማለዘብ ከፍቅር ነው የሚመጣው። ግን ውጤቱን ተመልከቱ፣ እናትየዋ "ጋስትራይት ነው" ተብላ ካርታዋን በማን ስም እንደምታዞር ሳትናገር፣ ያበደረችውንና የተበደረችውን ሳታስታውቅ፣ ንስሐ አባቷን ጠርታ የልቧን ሳትነግር ትሞታለች፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ገብቷታል፣ እሷም ልጆቼ እንዳይደነግጡ ብላ ነው የምትዋሸው። ጥሩ የሆስፒስ ነርስ ይሄን በአንድ ጊዜ አታፈርሰውም፣ "በሽታዎ ምን ይመስልዎታል እናቴ?" ብላ ትጀምራለች፣ መልሱን ራሷ እናትየዋ ታመጣዋለች። ቄሱም ሼኩም እዚህ ጋ ትልቅ ቦታ አላቸው፣ ጸበሉንም ዱዓውንም ሳታቋርጡ መድኃኒቱን ውሰዱ የሚል አንድ የሃይማኖት አባት ከብዙ ፖስተር ይበልጣል። "መድኃኒቱን ጣለው፣ እምነት ይኑርህ" የሚለው ግን፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ በሰው ስቃይ ላይ መፍረድ ነው።

ስለ አስታማሚዋም እናውራ። አስታማሚዋ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፣ ሁልጊዜ ሴት ናት ባይባልም አብዛኛውን ጊዜ ናት። ሚስት፣ ሴት ልጅ፣ ከገጠር የተጠራች የእህት ልጅ። ከአስረኛ ክፍል ያቋረጠች አለች፣ ጉልት መሸጥ ያቆመች አለች፣ አረብ አገር ኮንትራቷን ጥላ የመጣች አለች። ቤተሰቡ የሚደኸየው ከሁለት በኩል ነው፣ የታመመው አይሠራም፣ የምታስታምመውም አትሠራም። ከዚህ በላይ "ምናልባት ሌላ ምርመራ ቢደረግ" እየተባለ ለኤምአርአይ፣ ለኪሞ፣ ለግል ክሊኒክ የሚወጣው አለ፣ ላሟ ትሸጣለች፣ ቤቱ ይያዛል። "የሚደረግ የለም" የተባለ ሰው ላይ ነው ብዙው ብር የሚወጣው፣ ምክንያቱም ማንም ቁጭ ብሎ ምን እንደሚመጣና ምን እንደማያስፈልግ አላስረዳቸውም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርድም ቢኖር የሚሠራው ተቋም በር ላይ ነው፣ አልጋ ላይ ለተኛ ሰው ቤት ድረስ አይመጣም። ከ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ ብሩ ከተንሳፈፈ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚገባው መድኃኒትም ዳይፐርም የት እንደደረሰ የምታውቁት ነው።

የሚገርመው ይሄን ሥራ አንድ ጊዜ ሠርተነው እናውቃለን። በኤችአይቪ ክፉ ዘመን፣ መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. በፊትና ከዛ በኋላም ትንሽ ጊዜ፣ አዲስ አበባ ውስጥ እድሮች ነበሩ የገቡበት። አባሉ በየሳምንቱ ሲሞት ካዝናቸው ተራቆተ፣ ያኔ "ሞቶ ከምንቀብረው ታሞ ሳለ ብናየው ይሻላል" ብለው ከድርጅቶች ጋር ሆነው የሰፈር ሴቶችን አሠለጠኑ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ አጠቡ፣ አበሉ፣ ቁስል ጠረጉ። ከዛ መድኃኒቱ መጣ፣ ሰው መሞት አቆመ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የለጋሾቹም ብር ወደ ክሊኒክ ዞረ፣ የቤት ለቤቱ ነገር እየሟሸሸ ሄደ። የካንሰር በሽተኛው የመጣው ያ ሁሉ ልምድ ከተበተነ በኋላ ነው። የውጭ ብር ላይ የቆመ ነገር እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ አሜሪካ እርዳታዋን ስታቆም ጤና ሚኒስቴር በዛ ብር የተቀጠሩ 5 ሺህ የሚሆኑ የጤና ሠራተኞችን ውል እንዳቋረጠ ሰምተናል። ለኤችአይቪ የመጣ ብር እንዲህ በአንድ ቀን ከቆመ፣ ለማይድን ሰው እንክብካቤ የሚመጣው ትንሽ ዶኔሽን ምን ዋስትና አለው?

ስለዚህ እኔ ወደ እድር ነው የምመለሰው። እድር ማለት ለለቅሶ ከሁሉም በላይ የተደራጀ ነገር ነው፣ ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ድስት አለው፣ ጥሩንባ ነፊ አለው፣ ወርኃዊ መዋጮ አለው፣ የቀረ ይቀጣል። በሽተኛ መጠየቅም በብዙ እድር ደንብ ውስጥ አለ፣ ግን ምን ይዞ መጠየቅ? ብርቱካንና ጁስ፣ መዋጥ ለማይችል ሰው። ሰላሳ ሰው ጠባብ ክፍል ውስጥ ተሰብስቦ አስታማሚዋን ቡና ያስፈላታል፣ ሰውየው ከሞተ በኋላ ደግሞ ለሦስት ቀን ይበላል ይጠጣል። ያ ሁሉ ብር ከሞቱ በፊት ቢመጣ ምን ያህል ነገር እንደሚሆን አስቡት፣ ተራ ገብቶ ሌሊት የሚያድር ሰው፣ ለቁስል የሚሆን ፍራሽ፣ ለልጅቷ የአንድ ወር ቀለብ።

ይሄ ህልም አይደለም፣ ኬረላ በምትባለው የህንድ ክልል ውስጥ ተሠርቷል። ካሊከት የምትባል ከተማዋ ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዶክተር ራጃጎፓልና ዶክተር ሱሬሽ ኩማር የጀመሩት ክሊኒክ በ1999 ገደማ የሰፈር መረብ ሆነ፣ የሰፈር ሰው በጎ ፈቃደኛ ሆኖ ሠለጠነ፣ ሱቅ ያለውም ቀን ሠራተኛውም ሳንቲም ያዋጣ ነበር፣ ሐኪምና ነርስ የሚመጣው ሰፈሩ ሲጠራው ነው። መንግሥትም ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ2008 ፖሊሲ አወጣላቸው። ልብ በሉ፣ እነሱ መረቡን ከዜሮ ነው የፈጠሩት። እኛ ጋ መረቡ አለ።

ተቃውሞውን አውቀዋለሁ፣ የእድር ዳኛ የሆኑ ጋሼዎች ጋ ሲነሳ የሚሉት አንድ ነው፣ "ለአንዱ ከከፈልን ለሁሉም እንክፈል ይባላል፣ ገንዘቡ አይችልም።" እውነት አላቸው፣ ሞት አንድ ቀን ነው፣ ወጪው ይታወቃል፣ ህመም ግን መጨረሻው አይታወቅም። ለዛም ነው ከብር ይልቅ በጉልበትና በዕቃ መጀመር የሚሻለው፣ የሚገለበጥ አልጋና ፍራሽ እንደ ድንኳኑ ተመላልሶ የሚዋስ ይሁን፣ ተራውም የለቅሶ ወጥ እንደሚሠራበት በሴቶች እድር በኩል ይውጣ። ሌላ ችግርም አለ፣ አዲስ አበባ ላይ ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሳው ሕዝብ ዳር ዳር ተበትኗል፣ የድሮ እድሩ ከሱ ሰዓት በሚፈጅ መንገድ ርቋል፣ ለሆስፒሷም ነርስ በቀን የምታያቸው ቤቶች ቁጥር የሚወሰነው በትራንስፖርት ነው። ኮንዶሚኒየም ላይ ጎረቤቱን የማያውቅ በሽተኛ አራተኛ ፎቅ ላይ ታሞ ሊፍት በሌለበት እንዴት እንደሚወርድ መገመት አያቅትም። ለነዚህ ሰፈሮች እድር ሲመሠረት ጀምሮ ደንቡ ውስጥ ማስታመምን ማስገባት ይቻላል፣ የድሮውን ደንብ ከማስቀየር ይቀላል።

ዲያስፖራውም ይሄን ነገር ከማንም በላይ ያውቀዋል፣ ዋሽንግተን አካባቢ ስንቱ ሐበሻ ነው በነርሲንግ ሆምና በሆም ኬር የፈረንጅ ሽማግሌ እየገለበጠ ቤት የሚያስተዳድር፣ እዛ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት ጤና መድን ስድስት ወርና ከዛ በታች የቀረውን አረጋዊ ሆስፒስ ይሸፍንለታል። አገር ቤት አባቱ ሲታመም ግን የሚልከው ለምርመራ ነው፣ "ሌላ ሆስፒታል ውሰዱት" ነው የሚለው። ከሚልከው ላይ ለአስታማሚዋ ደመወዝ ቢያደርግ፣ የሚያውቀውንም በስልክ ቢያሳያት፣ እንዴት እንደሚገለበጥ፣ አፍ እንዴት እንደሚጸዳ፣ ከብሩ እኩል ይጠቅማል።

ሞርፊኑ ግን ከእድርም ከዲያስፖራም አይመጣም። እሱ የጤና ሚኒስቴርና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሥራ ነው። መጀመሪያ መሆን ያለበት የሚጠጣ ሞርፊን ቢያንስ እያንዳንዱ አጠቃላይ ሆስፒታል ሳይቋረጥ እንዲኖረው ነው፣ ከዛ እንደ ዩጋንዳ የሠለጠነ ነርስና ጤና መኮንን በግልጽ ፈቃድ እንዲያዝ፣ ከዛ ከ30 ሺህ በላይ የሆኑት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ክትባትና የቤተሰብ ምጣኔ እንደሚመዘግቡት ቤት ውስጥ የተኛውንም በሽተኛ እንዲመዘግቡ። ቅደም ተከተሉ ይሄ ካልሆነ እድሩ የቱንም ያህል ፍራሽ ቢያውስ፣ ፍራሹ ላይ የሚተኛው ሰው ሌሊቱን ሲጮህ ነው የሚያድረው፣ ተራ የገባችውም ጎረቤት ሁለተኛ ተራዋ ሲደርስ አትመጣም።